አንዴ ነው የሚጠይቁት

ጋሽ ውብሸት ማረፋቸውን የሰማሁት፣ ወደ ፍሎሪዳ ባሕር ለምናደርገው ጉዞ የተመዘገቡትን ሰዎች ስም ልነግራቸው ስደውል ነው። ስልኩን ያነሡት ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ነበሩ።

«የመክሊት እናት፣ ጋሽሽ የለም» አሉኝ።

ሥራ የወጡ መሰለኝ። «መቼ ይመለሳሉ?» አልኳቸው።

«ዛሬ ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ቀረ፣ ልጄ።»

በእጄ በያዝኩት ወረቀት ላይ አሥራ ሦስት ስም ነበር። አሥራ አራተኛው የሹፌሩ ነው። እሱ ተጽፎ አያውቅም፤ ማን እንደሚነዳ የማያውቅ አልነበረምና።

ነፍሳቸውን ይማር ብዬ ተቀመጥኩ። በዚያ ሰዓት ዓይኔ ላይ የመጣው ፊታቸው አልነበረም። አንድ ጆንያ ሽንኩርት በሁለት እጃቸው አቅፈው ደረጃ ሲወርዱ ነው የታዩኝ። እያለቀስኩ ሳቅሁ።

ያወቅኋቸው ከሰባት ዓመት በፊት ነው። ልጄ መክሊት ያኔ አሥር ዓመቷ ነበር። ከተወለደች ጀምሮ እግሮቿ አይታዘዙላትም፤ የምትሄደው በዊልቸር ነው። ወደ ትምህርት ቤት የሚወስዳት ሊፍት ያለው ቢጫ አውቶቡስ ነበር። ሚኒሶታ፣ ሆፕኪንስ ከተማ የምንኖርበት አፓርታማ በር ላይ ይቆማል፤ ሊፍቱ እየጮኸ ይወርዳል፤ ልጄን ይዞ ይወጣል። ሹፌሮቹ ይቀያየሩ ነበር። ስሟን ለመያዝ የሚቆይ አልነበረም።

አንድ ጠዋት አዲስ ሹፌር መጡ። አጭር፣ ጆሯቸው ትልልቅ፣ በዚያ ብርድ ካፖርታቸውን ያልቆለፉ ሰው። አንገታቸው ላይ ነጭ ፎጣ ጣል አድርገዋል። ከመሪው ተነሥተው ወረዱና ልጄ ፊት ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ዛሬ ወዴት ነው፣ ካፒቴን?» አሏት በአማርኛ።

መክሊት ዞራ አየችኝ። ከዚያ «ስኩል» አለች።

«ስኩል! ከዚያ የተሻለ ወደብ የለም?»

ልጄ ሳቀች። አውቶቡሱን ስንጠብቅ ስትስቅ ያን ቀን ገና ማየቴ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ያው ጥያቄ፣ ያው መልስ፣ ያው ሳቅ ሆነ።

ያደጉት አሰብ ነው። ወደቡ ላይ ክሬን ነጂ ነበሩ። ከዚያ እንዴት እንደወጡ ብዙ አያወሩም፤ ስለ ነፋስ ግን ያወራሉ። ሰው ምንም ይጠይቃቸው፣ መጀመሪያ ሰማዩን ያያሉ፤ ጣታቸውን በምላሳቸው አርጥበው ወደ ላይ ያነሣሉ፤ ከዚያ ነው የሚመልሱት። በጥር ብርድ፣ አፍንጫ በሚደርቅበት ጠዋት፣ እርጥብ ጣታቸውን አንሥተው «ዛሬ ከሰሜን ነው» ይላሉ።

«ጋሼ፣ እዚህ አገር ነፋስ ከሌላ ቦታ መጥቶ ያውቃል?» አለቻቸው አንድ ቀን ጫልቱ። ጫልቱ ጎረቤቴ ናት፤ ሁለታችንም ፕሊማውዝ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የሕክምና ዕቃ እናሽጋለን።

«ይመጣል። አንቺ ስለማትጠብቂው ነው።»

ቤታቸው ከኛ ራቅ ብሎ ኮሎምቢያ ሃይትስ ነበር። የምንሳለመው ግን አንድ ቤተ ክርስቲያን መሆኑን ያወቅነው በኋላ ነው። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ መጥተው አጠገባችን ተቀመጡ።

«የመክሊት እናት፣ ይህቺ ልጅ ባሕር አይታ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«አንቺስ?»

«እኔም።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ?»

ስለ ራሴ ብዙ መናገር አልወድም፤ ይህን ግን መደበቅ አይገባኝም። ልጄን ከትምህርት ቤት፣ ከሐኪም ቤትና ከቤተ ክርስቲያን ሌላ የትም አልወስዳትም ነበር። በዚህ ሁሉ ሐይቅ መካከል እየኖርን አንዱ ሐይቅ ዳር እንኳ አውርጃት አላውቅም። ዊልቸር አሸዋ ላይ አይሄድም፤ ሰው ጠርቶ «አግዙኝ» ማለት ያስፈልጋል። እኔ ደግሞ ሰው ማስቸገር አልወድም። ጥሩ ጠባይ ይመስለኝ ነበር።

መክሊት ግን የራሷን ጥያቄ ይዛ ነበር።

«ጋሽ ውብሸት፣ ባሕር ውስጥ ዊልቸር ይሰምጣል?»

ሰማዩን ሊያዩ ቀና አሉ፤ ያገኙት የአዳራሹን ጣሪያ ነው። «ዊልቸሩ ይሰምጣል። አንቺ ትንሳፈፊያለሽ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ ሌላ ነገር አልጠየቀችኝም። መንሳፈፍ። ገላዋን ሳጥባት መንሳፈፍ፤ ስትተኛ መንሳፈፍ። በየደብተሯ ጀርባ ላይ ሰማያዊ መስመር አስምራ፣ ከመስመሩ ላይ ጋደም ያለች ልጅ ትስላለች።

ጉዞው የሳቸው ሐሳብ ነበር። ስፕሪንግ ብሬክ፣ የልጆቹ የፀደይ ዕረፍት፣ ሲመጣ የቤተ ክርስቲያኑን ቫን ይዘው፣ ቤተሰቦችን አሳፍረው፣ ወደ ደቡብ ወደ ፍሎሪዳ ባሕር ዳር መንዳት። ካህናቱም ፈቀዱ። እኔን የከበደኝ ዕረፍቱ ዐቢይ ጾም ላይ መዋሉ ነው። በሁዳዴ ሽርሽር? ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። «ጾሙን ከነምግብሽ ይዘሽ ሂጂ፣ ልጅሽን አስደስቻት» አሉኝ። ጋሽ ውብሸት ይህን ሲሰሙ «ጌታም ዓሣ አጥማጆቹን የጠራቸው ከባሕር ዳር ነው፣ ከሳሎን አይደለም» አሉ።

አዘገጃጀታቸውን አልረሳውም። ከሁለት ወር በፊት ጀምሮ ቤታችን እየመጡ፣ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ወረቀታቸውን ዘርግተው ስልክ ይደውሉ ነበር። የዓሣ ማሳያው አኳሪየም ጋ፣ የኤሊዎቹ መታከሚያ ጋ፣ ዶልፊን የሚያሳየው ጀልባ ጋ፣ የዓሣ ምግብ ቤቱ ጋ። በዚያ እንግሊዝኛቸው፣ ሁሌ በአንድ ዓይነት ቃል ይጀምራሉ።

«ኢትዮጵያውያን ነን። አሥራ አራት ነን። አንዷ በዊልቸር ናት። ከበር እስከ መጨረሻ ከኛ ጋር ትገባለች?»

ትገባለች ካሏቸው ክብ ያደርጋሉ። አትገባም ካሏቸው ይሠርዛሉ። አይከራከሩም፤ አይቆጡም። አንድ ቀን ግን እስክሪብቷቸው ወረቀቱ ላይ ቆመ። የባሕር መብራት ማማ ነበር፤ ከላዩ ባሕሩ እስከ ዳር ይታያል ይባላል፤ መንገዱ ግን ደረጃ ብቻ ነው። በልጅነታቸው ከአሰብ ወደብ ሆነው የመርከብ መብራት ሲቆጥሩ እንዳደጉ ነግረውኛል። ማማው ላይ መውጣት እንደሚፈልጉ ሳይናገሩ ገባኝ።

«ጋሽ ውብሸት፣ እናንተ ውጡ። እኔና መክሊት ከታች እንጠብቃለን» አልኳቸው።

«ሁላችን የማንገባበት ቦታ ለኛ አልተሠራም» አሉና ሠረዙት።

የተነሣን ቀን ሆፕኪንስ በረዶ ነበር። ቫኑ ሊፍት ስለሌለው በሁለት ሳንቃ መወጣጫ ሠርተውለት መጡ። ሁለት ቀን ተጓዝን። በየግዛቱ አንድ አንድ ልብስ እያወለቅን፣ መጀመሪያ ካፖርት፣ ከዚያ ሹራብ፣ ከዚያ ካልሲ፣ ሣሩ እየለመለመ፣ ሰዉ እየሳቀ ሄድን። ስንደርስ ዶፍ ዝናብ ነበር፤ ባሕሩን በጆሯችን ብቻ ሰምተን ተኛን።

በማግስቱ ጠዋት የሠራነውን የሚሠራ ሌላ ሕዝብ ያለ አይመስለኝም። የተከራየነው ቤት ባሕሩ ፊት ለፊት ነው። የማድ ቤቱ መስኮት እስከ ታች መስታወት ነው፤ ከመስታወቱ ማዶ በዕድሜያችን ያላየነው ውሃ አለ። እኛ አምስት እናቶች ግን ጀርባችንን ሰጥተነው ሽንኩርት እንከትፋለን። ከሚኒሶታ ድረስ አንድ ጆንያ ሽንኩርት፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ምስር፣ ሦስት ትልልቅ ድስት ይዘን ነበር። አሥራ አራት ሰው ምን ሊበላ ነው? ልጆቹ «ማሚ፣ ባሕሩ!» ይላሉ፤ እኛ «ወጡ ይድረስ» እንላለን። ቁሌቱ ሲጋጋም በርበሬው ጨሰ፤ የጭሱ አላርም ቤቱን በጩኸት ሞላው። ጫልቱ ወንበር ላይ ወጥታ በነጠላዋ ጣሪያውን ታራግባለች፤ ሁላችንም እናስላለን። በዚህ መካከል ጋሽ ውብሸት በፎጣቸው አፍንጫቸውን ይዘው ገቡ።

ምድጃውን አጠፉ። መስኮቱን ከፈቱ።

«ሁለት ቀን የነዳሁት ሽንኩርት እንድትልጡ ነው? ሽንኩርቱስ ሆፕኪንስም ያስለቅሳችሁ ነበር!»

«ጋሼ፣ ልጆቹ ምን ይብሉ?» አለች ጫልቱ ወንበሩ ላይ እንደቆመች።

«ዳቦ አለ፣ ቆሎ አለ፣ ሙዝ አለ። ባሕር አይቶ በረሀብ የሞተ ልጅ የለም። ውረጂ!»

ጆንያውን አቅፈው ደረጃውን ወረዱ፤ ቫኑ ውስጥ ከተው ቆለፉበት፤ ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ወዲህ ሕግ ሆነ፤ በየዓመቱ ከመነሣታችን በፊት ሻንጣ ይፈተሻል፤ ሽንኩርት የያዘ ይወርዳል። ሁለተኛው ሕጋቸው «በቀን አንድ ነገር» የሚል ነበር። ሰው እዚያ ሲደርስ አኳሪየሙንም ጀልባውንም አሸዋውንም በአንድ ቀን ሊጨርስ ይሮጣል። እሳቸው «የሠርግ ምግብ አይደለም፣ አንዱን አጣጥሙ» ይላሉ።

ለመጀመሪያው ቀን የተመደበው አንድ ነገር ባሕሩ ነበር። ወደ ባሕሩ የሚያወርድ የጣውላ መንገድ አለ። መክሊትን እየገፋሁ ሄድኩ። ጣውላው አለቀ፤ አሸዋው ጀመረ፤ የዊልቸሩ የፊት ጎማዎች ሰምጠው ቆሙ። ሌሎቹ እየጮኹ ወደ ውሃው ሮጡ። እኔና ልጄ ጣውላው ጫፍ ላይ ቀረን።

«ከዚህም ይታያል፣ አይደል?» አልኳት።

«አዎ፣ ይታያል» አለች። ድምፅዋ ትንሽ ነበር።

ያን ጊዜ ፊቷ በፀሐይ የቀላ ዋናተኛ እንዳይሰምጥ የምትጠብቅ አንዲት ወጣት የባሕር ጠባቂ መጣች። ከኋላዋ አንድ የማላውቀው ጋሪ ትጎትታለች። እንደ ፊኛ የተነፉ ትልልቅ ቢጫ ጎማዎች አሉት፤ አሸዋ ላይ ይሄዳል፤ ውሃ ላይም ይንሳፈፋል። ጋሪው ለሁሉም ሰው ነው፣ ልጅሽ ትፈልገዋለች? ብላ ጠየቀችኝ።

«ኖ፣ ኖ፣ ታንክ ዩ። ዊ አር ኦኬ» አልኳት።

ለምን? አልፈልግም ብዬ አይደለም። እንዴት ያለ ሰው ነው በመጀመሪያ ጥያቄ እሺ የሚለው? እኔ ያደግሁት ሰው ቤት በእንግድነት ስሄድ «ብዪ» ሲሉኝ «ጠግቤያለሁ» እያልኩ ነው። ደግመው ሲሉኝ «ኧረ በቃኝ»። ሦስተኛ ሲለምኑኝ እጄን እዘረጋለሁ። ያቺም ልጅ ደግማ እንድትጠይቀኝ ፈገግ ብዬ ቆምኩ።

እሷም ፈገግ አለችልኝ። «ኦኬ!» ብላ ጋሪውን እየጎተተች ሄደች። ጥቂት እርምጃ እንደሄደች አንድ ሽማግሌ ከነሚስታቸው አገኘች። ጠየቀቻቸው። ሽማግሌው ጥያቄዋ ሳያልቅ ተቀመጡበት።

መክሊት ሁሉንም አይታለች። «ማሚ፣ ለምን ኖ አልሻት?»

«ደግማ ትጠይቀኛለች ብዬ።»

«ለምን ደግማ ትጠይቅሻለች? ኖ አልሻት እኮ።»

ጋሽ ውብሸት ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው፣ ውሃ እያንጠባጠቡ መጡ። ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም። ጣውላው ላይ አጠገቤ ተቀመጡ።

«እኔ ሚኒሶታ በመጣሁበት ክረምት፣ አብሮኝ የሚሠራ ሰውዬ፣ ‹በመኪናዬ ላድርስህ?› አለኝ። ‹ኧረ ግድ የለም› አልኩት። ነገም ይጠይቀኛል ብዬ ጠበቅሁ። ክረምቱን ሙሉ በእግሬ ሄድኩ። በየቀኑ በመኪናው በአጠገቤ ሲያልፍ እጁን ያውለበልብልኛል።»

«እና አልተቀየሙትም?»

«ሁለት ዓመት ተቀየምኩት! በኋላ ገባኝ። እዚህ አገር አንዴ ነው የሚጠይቁት፣ የመክሊት እናት። ክፋት አይደለም። ቃልሽን አምነውሽ ነው።»

ያን ሌሊት ጸሎት ሳደርስ፣ ቃላችሁ አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም ይሁን የሚለው ወንጌል አፌ ላይ መጣ። ስንት ጊዜ ሲነበብ ሰምቼዋለሁ። ቆሜበት አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ቀይ ባንዲራ ተሰቀለ። ማዕበሉ ኃይለኛ ስለሆነ ውሃ መግባት ክልክል ነው። በሦስተኛው ቀንም ቀይ። የቀረን አንድ ቀን ብቻ ነበር። ልጄ አላለቀሰችም። ጠዋት ስትነሣ መጀመሪያ በመስኮቱ ባንዲራውን ታያለች፤ ከዚያ ቁርሷን ትበላለች። ያ ከልቅሶ ይልቅ ከበደኝ።

ጋሽ ውብሸት ግን ክብ ካደረጉባቸው ቦታዎች ወሰዱን። የኤሊዎቹ መታከሚያ ውስጥ አንድ ክንፏን ያጣች ትልቅ ኤሊ ነበረች፤ ገንዳዋን ስትዞር ሌሎቹን ትቀድማቸዋለች። መክሊት ሌላ ምንም ሳታይ እሷን ብቻ ስታይ ዋለች። «በቀን አንድ ነገር» ብላ ለኛው ሕጉን ጠቀሰችብን። ማዕበል በማይደርስበት ወሽመጥ ውስጥ በሚሄደው ጀልባ ላይ ደግሞ ዶልፊኖች ከጎናችን ዘለሉ፤ ካፒቴኑ ዞር ብሎ «መሪውን መያዝ የሚፈልግ ልጅ—» ሲል፣ ሳይጨርስ፣ «ሚ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። የኔ ልጅ ናት። የኛ ልጆች ሁሉ አንገታቸውን ደፍተው ነበር፤ እንደኛው አሳድገናቸዋል። መክሊት መሪውን ይዛ ጀልባውን ስታዞር ጋሽ ውብሸት ወደኔ አላዩም። ጣታቸውን አርጥበው ነፋሱን ለኩ።

ማታውን የዓሣ ምግብ ቤት ገባን። በሁዳዴ ዓሣ አንበላም፤ አሥራ አራት ሰው ባሕሩ አፍ ላይ ተቀምጠን ድንች ጥብስ አዘዝን። አስተናጋጇ ግራ ገብቷት «ዓሣችን ትኩስ ነው» አለች። «ትኩስነቱን ከዚህ እናየዋለን» አሏት ጋሽ ውብሸት።

በመጨረሻው ቀን ጠዋት መክሊት «ማሚ!» ብላ ስትጮህ ደንግጬ ተነሣሁ። ባንዲራው አረንጓዴ ነበር።

ጣውላው ጫፍ ስንደርስ ቢጫ ጎማ ያለው ጋሪ ባሕር ጠባቂዋ ከተቀመጠችበት ከፍ ያለ ወንበር ሥር ቆሟል። ያችው ልጅ ናት። አየችን፤ እጇን አውለበለበችልን፤ ፊቷን ወደ ባሕሩ መለሰች። ለምን ትጠይቀናለች? አልፈልግም ብያታለሁ።

«ጋሽ ውብሸት፣ እባክዎ እርስዎ ይጠይቁልን» አልኳቸው።

ሰማዩን አዩ። «እኔ ሹፌር ነኝ። እናቷ አንቺ ነሽ።»

«እንግሊዝኛዬ—»

«የኔን ሰምተሽዋል። ይበቃል።»

ሄድኩ። አሸዋው ጫማዬን እየያዘ አስቸገረኝ፤ አወለቅሁት። መንገዱ ከቤታችን እስከ አውቶቡሱ ማቆሚያ አይሞላም፤ ያን ያህል ረጅም መንገድ ግን ሄጄ አላውቅም። በስመ አብ ብዬ ወንበሩ ሥር ቆምኩ። ልጅቷ ጎንበስ ብላ አየችኝ።

«ያን ቀን ኖ ብዬሽ ነበር» አልኳት በዚያችው እንግሊዝኛዬ። «የስ ማለቴ ነው። ልጄ ውሃ ውስጥ መግባት ትፈልጋለች። እርጂን።»

«ኦፍ ኮርስ!» ብላ ዘላ ወረደች። ይኸው ነው። አሥር ዓመት የፈራሁት ነገር ይኸው ነበር።

መንሳፈፊያ ሰደሪያ አለበሰቻት። ጋሪው አሸዋውን እንደ አስፋልት ሄደበት። ውሃው ቁርጭምጭሚቴን ነካኝ፤ ከዚያ ጉልበቴን፤ ከዚያ ቀሚሴ ከበደኝ። ለመግባት አላሰብኩም ነበር፤ የልጄን እጅ ይዤ ስለነበር ገባሁ። ውሃው ወገባችን ድረስ ሲደርሰን ጋሽ ውብሸት ከግራ፣ ባሕር ጠባቂዋ ከቀኝ ሆነው ከጋሪው አነሧት፤ በጀርባዋ አስተኟት። እኔ እጇን እንደጨበጥኩ ነኝ።

«የመክሊት እናት፣ ልቀቂ።»

«አልችልም።»

«እኔ በዚህ አለሁ። ልጅቷ በዚያ አለች። ውሃው ከታች ነው። ልቀቂ።»

ለቀቅሁ።

እግሮቿ ተነሡ። አሥር ዓመት ሙሉ ስወስድ ስመልሳቸው የኖርኩት እግሮች ያለኔ ተነሥተው ውሃው ላይ ተዘረጉ። ፀጉሯ ተበተነ። ዓይኖቿን ሰማዩ ላይ ተክላ ተንሳፈፈች። ከዚያ ጮኸች።

«ማሚ! እኔ አልሰምጥም! ዊልቸሩ ነው የሚሰምጠው!»

ከዳር ጫልቱ እልልታውን ለቀቀችው። ሌሎቹ ተቀበሏት። ጃንጥላቸው ሥር የተጋደሙት አሜሪካኖች ሁሉ ብድግ አሉ፤ መጀመሪያ ቀን ጋሪውን የወሰዱት ሽማግሌ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ያጨበጭባሉ። ጋሽ ውብሸት ደረታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ቆመው ነበር። ፎጣቸውን ከአንገታቸው አንሥተው ፊታቸውን ጠረጉ። ፎጣው ራሱ ርሶ ስለነበር ምንም አልጠረገላቸውም።

ያ የመጀመሪያው ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ስድስት ጊዜ ወሰዱን። ሁለተኛው ዓመት ላይ መክሊት በክንዷ መቅዘፍ ጀመረች፤ በአራተኛው ማንም ሳይይዛት ትዋኝ ነበር። እኔም ሆፕኪንስ ተመልሼ ሐይቁ ዳር ወሰድኳት። በትምህርት ቤቷ፣ በሐኪም ቤት፣ በሥራዬ፣ የሚያስፈልገንን በአፌ መጠየቅ ለመድኩ። ሲሰጡኝ አንዴ አመሰግናለሁ፤ እቀበላለሁ። ጋሽ ውብሸት የትምህርት ቤት አውቶቡሱን በጡረታ ቢተዉም የቫኑን ቁልፍ ከኪሳቸው አላወጡም። የመብራት ማማው ላይ እስከ መጨረሻው አልወጡም። በየዓመቱ ከሥሩ ስናልፍ ፍሬን ረገጥ አድርገው ያዩትና ይነዳሉ።

ከቀብራቸው በኋላ ባለው እሑድ፣ የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር አዳራሽ ውስጥ ተነሡ። ጉዞው ሦስት ሳምንት ነው የቀረው።

«ሹፌር ከሌለ ዘንድሮ መቅረቱ ነው። ቫኑን የሚነዳልን አለ?»

መንዳት የሚችሉ ስንት ወንዶች አሉ፤ ታክሲ የሚነዱ፣ ትራክ የሚነዱ። ሁሉም ዓይኑን ወደ ብርጭቆው ጣለ። ልግመት አልነበረም። ደግመው እስኪጠየቁ ነው የሚጠብቁት። አውቀዋለሁ፤ እኔም ያው ነበርኩ።

ሊቀ መንበሩ ወረቀታቸውን ማጠፍ ጀመሩ።

«እኔ እነዳለሁ» አልኩ።

ሁሉም ዞረ። ጫልቱ አፏን ያዘች። «አንቺ? ከሆፕኪንስ ፕሊማውዝ ሀይዌይ ስትገቢ ዓይንሽን ጨፍነሽ አቡነ ዘበሰማያት የምትደግሚው?»

«ዓይኔን አልጨፍንም» አልኳት። «አቡነ ዘበሰማያቱን ግን እደግማለሁ።»

የተነሣን ጠዋት እንደ ሕጉ ሻንጣ ፈተሽኩ። ከአንዱ ሻንጣ ግርጌ፣ በጥቁር ሻሽ የተጠቀለለ ሽንኩርት አገኘሁ። የእትዬ አስካለ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ «ባሕርን አሰብ ጠግቤዋለሁ» እያሉ የቀሩት ሴት፣ በኀዘን ልብሳቸው ከኋላ ተቀምጠው በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያሉ።

«እትዬ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ምናልባት ቢያስፈልግ ብዬ ነው» አሉ ሳይዞሩ።

አወረድኩት። «ውብሸት ካንቺ ይሻል ነበር» አሉኝ፤ ጋሽ ውብሸት ከሞቱ ወዲህ እትዬ ሲስቁ ያን ጊዜ ገና ሰማኋቸው።

መክሊት አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ከፊት ከጎኔ ተቀመጠች። ቁልፉን አዞርኩ።

«ዛሬ ወዴት ነው፣ ካፒቴን?»

«ወደ ባሕር» አለች።

ሁለት ቀን ነዳሁ። አቡነ ዘበሰማያቱን ስንት ጊዜ እንደደገምኩ እግዚአብሔር ያውቃል። ስንደርስ ወደ ቤቱ አልሄድኩም፤ መጀመሪያ ባሕሩ ጋ አቆምኩ። አረንጓዴ ባንዲራ ነበር። አንድ ወጣት ባሕር ጠባቂ መክሊትን በቢጫው ጋሪ ወሰዳት፤ ውሃው ላይ ስትደርስ ተንሸራታ ወረደችና እየቀዘፈች ሄደች። ጋሪው ባዶውን ተመለሰ።

እትዬ አስካለ ጣውላው ጫፍ ላይ በምርኩዛቸው ቆመዋል። ጉልበታቸው አሸዋ አይችልም። ወጣቱ ጋሪውን እያሳየ፣ ወደ ውሃው ልውሰድዎት? አላቸው።

«ኧረ ይቅር፣ አትቸገ—» ብለው ጀመሩ። ቆሙ። እኔን አዩኝ፤ ከዚያ ውሃውን አዩ። መክሊት ከሩቅ በጀርባዋ ተንሳፍፋ እጇን ታውለበልባለች።

ምርኩዛቸውን ሰጡኝ።

«የስ» አሉት።